የመኪና ሞተር ክፍል ቀለም፤ መጠበቂያ ወይስ መሸፈኛ?

በሐዋሳ ከተማ ጋራዦች አሠራር ላይ የቀረበ ትችት

ትችት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መጽሐፍ፣ ቴአትር ወይም ሥዕል ነው። ይሁን እንጂ የሰው እጅ የሠራውና ሌላው ሰው በገንዘቡ የሚገዛው ሥራ ሁሉ ሊመረመርና ሊፈረድ የሚገባው ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው የመኪና ኮፈን ሲከፈት የሚታየውን፣ ሞተሩ የተቀመጠበትን የላሜራ ሣጥንና በዚያ ላይ የሚቀባውን ቀለም ነው። ለአጠራር እንዲያመች ይህን ሣጥን «የሞተር ክፍል» እያልን እንጠራዋለን።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም። በሐዋሳ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ የቡና ነጋዴ፣ ወይም ታክሲ ሠርቶ ቤተሰቡን ለማስተዳደር ያሰበ ሾፌር፣ የብዙ ዓመት ጥሪቱን የሚያወጣው ከሻጩና ከደላላው ጋራ ቆሞ፣ ኮፈኑን አስከፍቶ ባየው ነገር ተማምኖ ነው። ክፍሉን ጥቁርና አብረቅራቂ ሆኖ ካገኘው «ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው» ይላል፤ አቧራና የዘይት ወዝ ካየበት ደግሞ ዋጋ ያዋርዳል። እንግዲህ ቀለሙ ዋጋ ይናገራል ማለት ነው፤ ዋጋ የሚናገር ነገር ሁሉ ደግሞ እንዲዋሽ የሚፈትነው አያጣም።

በዚህ ላይ ዘመኑ ራሱ ነገሩን አክብዶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው ዲኤክስ፣ ቪትዝና ሚኒባስ ከታሰበለት ዕድሜ በላይ እንዲያገለግል ግድ ሆኗል። ሞተር ቢደክም ይታደሳል፤ ጎማም ይለወጣል። የሞተሩ ክፍል ላሜራ በዝገት ከተበላ ግን መኪናው እንደ ገና መኪና ሊሆን የሚችለው በብዙ ድካምና በብዙ ወጪ ነው።

የምንለው ባጭሩ ይህ ነው። ለሞተር ክፍል የሚበጀው ቀለም ከሁሉ ይልቅ የሚያብረቀርቀው፣ ወይም በቆርቆሮው ላይ ትልቅ የሙቀት ቁጥር የተጻፈበት አይደለም። ከላሜራው ጋራ በእውነት የተጣበቀ፣ ቤንዚንና ዘይት የማያሟሙት፣ ከሥሩም ያለውን ሕመም የማይደብቅ ቀለም ነው የሚበጀው። አሁን በከተማችን የተለመደው አሠራር ከነዚህ ከሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ አንዱንም አያሟላም።

የቦታው ጠባይ

ቀለም ከመምረጥ አስቀድሞ ቀለሙ የሚኖርበትን አገር ማወቅ ይገባል። ለቆላ የተሰፋ ልብስ ለደጋ እንደማይሆን ሁሉ፣ ለመኪና በር የተመረጠ አሠራርም ሳይመረመር ወደ ሞተር ክፍል ሊወሰድ አይገባውም።

መጀመሪያ ስለ ሙቀት እንናገር፤ ብዙ ስሕተት ያለው በዚህ ነውና። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ በድስት ቢጣድ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግን ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ውኃው ከዚያም አልፎ ሳይፈላ ይሠራል። በደኅና ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውኃ ሙቀቱ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራ፣ ይኸውም የውስጡ ፓራፋንጎና ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ግድግዳ፣ ከጭስ መውጫው አጠገብ ካለው ቦታ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዲግሪ በታች ነው። ብዙ መቶ ዲግሪ የሚደርሰው የጭስ መውጫው ብረት ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ኮፈን ሥር ሁለት የተለያዩ አገሮች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ቆላ፣ ሌላው እሳት። ለሁለቱ አንድ ቀለም መፈለግ የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፈሳሹ ነው። በሞተር ክፍል ውስጥ ቤንዚን ወይም ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የባትሪ አሲድ አሉ። ከነዚህ ሁሉ ለቀለም ክፉው የፍሬን ዘይት ነው። ስሙ ዘይት ይባል እንጂ የተለመደው ዓይነት ከግላይኮል ወገን የሚሠራ ፈሳሽ ነው፤ ቀለም ላይ ፈስሶ ከቆየ ቀለሙን አሳብጦ እንደ ቆዳ ያነሣዋል። ደግነቱ በውኃ ስለሚሟሟ ወዲያው በብዙ ውኃ ያጠበው ሰው ይድናል። የባትሪው አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር ያለው ላሜራ ከሌላው ቀድሞ የሚበላውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው አቧራውና ዝናቡ ነው። ሐዋሳና ሐይቋ ያሉት በጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሰጠመ ሰፊ ጎድጓዳ መሬት ውስጥ ነው። በአካባቢው ፑሚስ የሚባለው ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት ይገኛል፤ ይህም ድንጋይ በባሕርዩ ብርጭቆ ነው። ቀለም ቀቢው ላሜራ የሚፍቅበትን ወረቀት «ብርጭቆ ወረቀት» እያለ እንደሚጠራው ሁሉ፣ ከኮረኮንቹ መንገድ የሚነሣው አቧራም እንደዚያው ፋቂ ነው። ይህ አቧራ በዘይት ወዝ ላይ ሲያርፍ ጭቃ ይሆናል፤ በዓመት ወደ 1,000 ሚሊሜትር የሚጠጋው ዝናብ ሲመጣም እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ከጭቃው ሥር ያለው ላሜራ እንግዲህ በጋም ክረምትም እርጥብ ነው።

አራተኛው ነገር በጎ ነው፤ በኮፈኑ ሥር ፀሐይ የለም። ይህ የዋዛ አይደለም። ኢፖክሲ የሚባለው ሙጫ ከላሜራ ጋራ መጣበቅን የሚያህለው ባይኖርም ፀሐይ ሲመታው ዱቄት ያወጣል። ለመኪና ጣራ ብቻውን የማይሆነው ለዚህ ነው። ከኮፈን በታች ግን ይህ ነውሩ ቦታ የለውም።

የገበያው ጥቁር

በከተማው ጋራዦች ብዙ ጊዜ የሚታየው የመጀመሪያው ሥራ እኛ «የገበያ ጥቁር» ብለን የምንጠራው ነው። አሠራሩ አጭር ነው። ሞተሩ በናፍጣ ይታጠባል፤ በኮምፕሬሰር ንፋስ ይነፋል፤ ከዚያ ጥቁር የዘይት ቀለም ወይም ናይትሮ በላሜራው፣ በቡሎኑ፣ በጎማ ቱቦው፣ በሽቦው፣ አንዳንድ ጊዜም በራዲያተሩ ላይ ሳይቀር ይረጫል። ጠዋት የገባ መኪና ማታ አምሮበት ይወጣል።

ይህን ሥራ በሥራነቱ ብንመዝነው ሦስት ነውር እናገኝበታለን። አንደኛ፣ ናፍጣ ቆሻሻን ቢያነሣም ራሱ ስስ የዘይት ልባስ ትቶ ይሄዳል። በዚያ ልባስ ላይ የተቀባ ቀለም የተጣበቀው ከላሜራው ጋራ ሳይሆን ከናፍጣው ጋራ ነው። ሁለተኛ፣ ናይትሮ የሚደርቀው ቲነሩ ተንኖ ስለሚያልቅ ብቻ ነው እንጂ በውስጡ ምንም ለውጥ ስለሚደረግ አይደለም። ስለዚህ ያው ቲነር ዳግመኛ ቢነካው እንደ ገና ይሟሟል፤ ቤንዚን ሲንጠባጠብበትም ይለሰልሳል። የዘይቱ ቀለም ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ስለሚደርቅ ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን የፍሬን ዘይት ያነሣዋል፤ ኃይለኛ የማጠቢያ ሶዳም ሙጫውን እንደ ሳሙና ይለውጠዋል። ሦስተኛና ዋናው ነውር ግን ሁሉን አንድ ማድረጉ ነው። ጎማው እንደ ብረት፣ ብረቱ እንደ ጎማ፣ የላላው እንደ ጠበቀው፣ የሚያፈሰው እንደ ደኅናው ይመስላል።

ሲያዩት ያምራል ሲበሉት ያቅራል የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። መኪናው በተገዛ በጥቂት ወራት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሣት ይጀምራል፤ ከሥሩም ዝገቱ ከቀድሞው ብሶ ይገኛል። ምክንያቱም የተነሣው ቀለም ውኃን አምቆ የሚይዝ ኪስ ይሆናል።

«ሙቀት የሚችለው» ቀለም

ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይልቅ በጎ ሐሳብ ያለው ሰው የሚሠራው ነው። ባለ መኪናው «ሞተር ይሞቃልና ሙቀት የሚችል ይሁን» ብሎ በቆርቆሮው ላይ 600 ዲግሪ የሚል የተጻፈበትን፣ አብዛኛውን ጊዜ የብር መልክ ያለውን ርጭት ይገዛል። ዋጋውም ውድ ስለ ሆነ ደኅና ነገር እንደ ሠራ ያምናል።

ይህ ቀለም ውሸት አይደለም፤ ያለቦታው የተቀመጠ እውነት ነው። ሙጫው ከሲሊኮን ወገን ነው፤ ማቅለሚያውም ብዙ ጊዜ የአሉሚኒየም ዱቄት ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ ወዲያው እንጀራ አይጋግሩበትም፤ በጎመን ዘር እያሹ ቀስ በቀስ እያሞቁ ያሟሹታል። ሳይሟሽ የተጋገረበት ምጣድ እንጀራ ይይዛል። የሲሊኮኑም ቀለም እንዲሁ ነው። በደንብ የሚጠነክረው በእሳት ከተሟሸ በኋላ ነው፤ ለዚህም 200 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይሻል። በጭስ መውጫው ብረት ላይ ይህን ሙቀት ከሞተሩ ራሱ ያገኛል። በፓራፋንጎው ላይ ግን ለዘለዓለም አያገኘውም። እንዳልተሟሸ ምጣድ ሆኖ ለስላሳ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ቤንዚን የነካው ጨርቅም ጠርጎ ያነሣዋል። ስለዚህ ይህን ቀለም ለጭስ መውጫው መተው፣ ከዚያ አልፎ ግን በላሜራው ላይ አለማባከን ይገባል።

ባለ ሁለት ዕቃው ቀለም

ሦስተኛው ሥራ በሐዋሳ ጥቂት ቀቢዎች ብቻ በሞተር ክፍል ላይ ሲሠሩት ያየነው ነው፤ ለመኪናው ውጫዊ አካል ግን የታወቀ ነው። ይህም ቀለሙና ማጠንከሪያው፣ በጋራዥ አነጋገር ሃርድነሩ፣ በየዕቃቸው ተለይተው መጥተው በቅቡ ጊዜ የሚቀላቀሉበት ነው። እዚህ መድረቅ ማለት የቲነር መትነን ብቻ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ መረብ ይቋጠራሉ፤ የተቋጠረውንም ቤንዚን አይፈታውም። በመጀመሪያ የኢፖክሲ መሠረት፣ በላዩ የመኪናውን መልክ የያዘ ፖሊዩሬቴን ከተቀባ፣ በጋራዥ ሊገኝ ከሚችለው ሁሉ ለሞተር ክፍል ላሜራ የሚበልጠው ይህ ነው ብለን እንፈርዳለን።

ይሁን እንጂ ይህም ያለ ነውር አይደለም። መጠኑ በቆርቆሮው ላይ እንደ ተጻፈው ተለክቶ መቀላቀል ሲገባው በዓይን ግምት የሚቀላቅል ቀቢ አለ። ሃርድነሩ ቢያንስ ቀለሙ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ቢበዛ ደግሞ ሊሰባበር ይችላል። በማግሥቱ የደረቀ ቢመስልም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በሳምንት ገደማ ነው፤ ባለ መኪናው ግን በማግሥቱ ዲላ ሊጭን ይፈልጋል። የፍሬን ዘይትም ይህን ቀለም ቢሆን ቶሎ ካልታጠበ ይጎዳዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በጋራዥ አይገኝም። ይኸውም መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የለበሰው የመጀመሪያው ልባስ ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፋት በተለመደው አሠራር የመኪናው አካል በሙሉ በቀለም ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ቀለሙ በየስፌቱና በየጎድጓዳው ገብቶ ይለጠፋል፤ ከዚያም በ170 ወይም በ180 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ይህን ሊያደርግ የሚችል ጋራዥ የለም። ስለዚህ ደኅና ሆኖ የቆየውን የፋብሪካ ቀለም ለጌጥ ሲሉ ፍቆ አዲስ መቀባት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው። ንጹሕ አድርጎ አጥቦ የቆሰለውን ቦታ ብቻ ማከም ከሁሉ የሚሻል ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብራናው ሳይፋቅ

የጥንቱ ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ብራና ያደርገዋል። ቆዳው ጮማ ከያዘ ቀለሙ እንደማይጣበቅ ያውቃልና፤ ከጽሕፈቱ ይልቅ ብራናውን ማዘጋጀቱ ብዙ ድካም የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። የሞተር ክፍል ቀለምም ሕጉ ያው ነው። አንድ ቀለም ሁለት ዓመት ሲቆይ ሌላው ስድስት ወር ያልቆየበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በቆርቆሮው ስም አይደለም፤ ከቆርቆሮው መከፈት በፊት በተደረገው ሥራ ነው።

ሥራውም በተራ ሲነገር እንዲህ ነው። ባትሪው ይወጣል። በባትሪው ሥር ያለው ቦታ በውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፤ አረፋ ካወጣ አሲድ አለ ማለት ነው፤ አረፋው እስኪቆም ድረስ ይደገምና በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ዘይቱ በናፍጣ ቢለቀቅ እንኳ በኋላ በሳሙናና በሙቅ ውኃ የናፍጣው ወዝ መነሣት አለበት። ዝገቱ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሑ ላሜራ ድረስ ይፋቃል፤ በጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማከሚያ ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ደኅናው አሮጌ ቀለም አዲሱ የሚይዘው ሸካራ ገጽ እንዲያገኝ በስሱ ይታሻል። ቀለሙም በወፍራሙ አንድ ጊዜ ከሚጫን በስሱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢደረብ ይሻላል።

ቦታው መንጻቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ንጹሕ ውኃ በላሜራው ላይ ይፈስሳል። ውኃው እንደ ስስ ሻሽ ሳይቋረጥ ከተዘረጋ ላሜራው ንጹሕ ነው፤ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ዘይት አለበት። ይህን ፈተና የትኛውም ባለ መኪና በጋራዥ ቆሞ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዋጋውም አንድ ጣሳ ውኃ ነው።

ቀለም ምስክር ሲሆን

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ጥንካሬ ነው። ነገር ግን ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም። እጅግ ጠንካራ ሆኖ እጅግ ሐሰተኛ የሆነ ቀለም ሊኖር ይችላል።

የሞተር ክፍል ላሜራ ምስክር ነው። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ቢያፈስ ከሥሩ ያለው ቀለም ያብጣል። ውኃ ቢንጠባጠብ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ምልክት ይተዋል። መኪናው ተጋጭቶ ከነበረ የፋብሪካው ስፌትና የብየዳው ነጥብ ተለውጦ ይታያል። እነዚህን ሁሉ የሚናገረው ያልተሸፈነ ገጽ ነው። ጥቁር ቀለም ግን የጥቁር ዘይትን መንገድ ያጠፋል። ስለዚህ ለሞተር ክፍል ከጥቁር ይልቅ የመኪናውን የመጀመሪያ መልክ፣ ያም ካልተገኘ ነጣ ያለ ግራጫ እንመርጣለን። ነጣ ያለ ገጽ የዘይት ጠብታ በወደቀበት ቀን ይናገራል፤ በዚያ ቀን የተለወጠች አንዲት ጎሚኒ ደግሞ አንድ ሞተር ታድናለች።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች የሻንሲው ቁጥር የተመታው ሞተሩን ከተሳፋሪው በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው። ስም ሲዛወር የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋራ ይመሳከራል። ቀቢው ይህን ቁጥር በስቱኮና በወፍራም ቀለም ከደፈነው ቁጥሩ አይነበብም፤ ለማንበብ ሲፋቅ ደግሞ የተነካካ ይመስላል። ያለ ክፋት የተሠራ ሥራ ንጹሕ ባለቤትን በሌባ ዓይን እንዲታይ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ በዙሪያው ይቀባል፤ በቁጥሩ ላይ ቀለም ማልበስ ግድ ከሆነም አንድ ስስ ደርብ ብቻ ይበቃል።

እንዲሁም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ላሜራው የሚሄደው ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ብረት መሆን አለበት። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ያ ቦታ ተቀብቶ ሲታሰር መብራቱ ይፈዝዛል፤ ሞተሩም ለመነሣት ይሰንፋል፤ ባለ መኪናውም ችግሩ የባትሪ መስሎት አዲስ ባትሪ ይገዛል። የተቀባ የጎማ ቱቦም ስንጥቁን ይደብቃል፤ የተደበቀው የቤንዚን ቱቦ ስንጥቅ ከሆነ ነገሩ የገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ይሆናል።

ስለ ቀቢው

ሥራውን ስንተች ሠራተኛውን ልንረሳው አይገባንም። ባለ ሁለት ዕቃውን ቀለም ያሞገስነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ጉዳቱንም የመናገር ዕዳ አለብን። በፖሊዩሬቴኑ ሃርድነር ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ነገር አለ። ይህ ጉም ሆኖ በአየር ሲበተን ወደ ሳምባ ገብቶ አስም ያመጣል፤ አንድ ጊዜ የለመደበት ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱ እንኳ ሊታፈን ይችላል። በአፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ ወይም ተራ የአቧራ ጭምብል ይህን አያግድም፤ የሚያግደው ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭምብል ነው። አሮጌ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ሳይሆን በውኃ እያረጠቡ መፋቅ ይገባል።

በመንገድ ዳር፣ ሕፃናት በሚያልፉበት፣ ፊቱን በሻሽ ብቻ አስሮ የሚረጭ ወጣት እስካለ ድረስ «ጠንካራ ቀለም ምረጡ» ማለት ብቻ በሌላው ሳምባ መምከር ይሆናል። ጭምብል የሌለው ጋራዥ የኢፖክሲውን መሠረት በብሩሽ ቀብቶ ቢተወው ይሻለዋል። ኢፖክሲው አይሶሳይኔት የለበትም፤ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ግን ጓንት ይፈልጋል። ከኮፈን በታች ፀሐይ ስለሌለ የላዩ ፖሊዩሬቴን ቢቀር የሚጎድለው ይበልጡን መልኩ ነው እንጂ ጥበቃው አይደለም። የብሩሽ መስመር ቢታይበትም እንኳ ሥራው እውነተኛ ነው።

የሚቀርብብን ተቃውሞ

ቀቢዎቹ የሚሰጡት መልስ አለ፤ መልሳቸውም የሚናቅ አይደለም። «ደንበኛው የሚከፍለው ለሚታየው ነው፤ ሁለት ቀን ስፍቅ ብውል ‘ምን ሠራህ?’ ይለኛል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። የገበያውን ጥቁር የፈጠረው የቀቢው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የገዢውም ዓይን ነው። ኮፈን ሲከፈት ብልጭታ የሚፈልግ ገዢ ባለበት ከተማ ብልጭታ የሚሸጥ ቀቢ አይታጣም። ስለዚህ ትችታችን ግማሹ ወደ ጋራዡ፣ ግማሹ ወደ ገዢው ነው።

ሻጮች ደግሞ «መኪናን አሳምሮ ማቅረብ ኃጢአት ነውን?» ይላሉ። አይደለም። ቤቱን ለእንግዳ የሚያዘጋጅ ሰው ወለሉን ይጠርጋል፤ ስንጥቁን ግን በምንጣፍ ሸፍኖ ቤቱን አይሸጥም። ማጠብና ማከም ማሳመር ነው፤ ዘይት በሚያፈስ ሞተር ላይ ጥቁር ቀለም መርጨት ግን መሸፈን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ግልጽ ነው። ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር የሚያጠፋ ሥራ ሁሉ ከድንበሩ ወዲያ ነው።

ማጠቃለያ

ፍርዳችንን ሰብሰብ አድርገን እንናገር። ደኅና የፋብሪካ ቀለም ያለው ሰው አይንካው፤ ይጠበው። የቆሰለ ላሜራ ያለው ሰው ገንዘቡን ከቀለሙ ስም ይልቅ በማጽዳቱና በመፋቁ ላይ ያውል፤ ከዚያ በኢፖክሲ መሠረት ያስቀባ፤ አቅም ካለና ጭምብል ያለው ቀቢ ከተገኘ ፖሊዩሬቴን ያስደርብበት። የሲሊኮኑን ቀለም ለጭስ መውጫው ብቻ ይተውለት። መልኩ ነጣ ያለ ይሁን፤ ቁጥሩ ይነበብ፤ የባትሪው ማሰሪያ ባዶ ይሁን፤ ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ አይቀባ። የሚገዛም ሰው አዲስ የተቀባ ሞተር ክፍል ሲያይ ከመደሰቱ በፊት «ይህ ቀለም ትናንት ምን ነበረበት?» ብሎ ይጠይቅ።

ለጓደኞቻችን ለተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እዚህ የጻፍነው ከቀለም ኬሚስትሪ ከሚታወቀውና በየጋራዡ ካየነው የተሰበሰበ ነው፤ በሐዋሳ አቧራና ዝናብ ተፈትኖ ቢረጋገጥ ደግሞ ለከተማው የበለጠ ይጠቅማል። ከአንድ ላሜራ የተቆረጡ ትንንሽ ቁራጮች በናይትሮ፣ በዘይት ቀለም፣ በሲሊኮን፣ በኢፖክሲና በኢፖክሲ ላይ በተደረበ ፖሊዩሬቴን ይቀቡ። የእያንዳንዱ ግማሽ በናፍጣ ብቻ በታጠበ፣ ግማሹ በሳሙና በነጻ ላሜራ ላይ ይሁን። ከዚያ በፈቃደኛ የሚኒባስ ባለቤቶች ሞተር ክፍል ውስጥ ታስረው አንድ ሙሉ ክረምት ይክረሙ። በመጨረሻም በምላጭ በአንድ ሚሊሜትር ርቀት ጥልፍልፍ መስመር ይሠመርባቸው፤ ፕላስተር ተለጥፎ ይነሣ፤ ከፕላስተሩ ጋራ የተነሣው ካሬ ይቆጠር። በቲነር የረጠበ ጨርቅም ታሽቶ ቀለም ማንሣቱ ይታይ። ለዚህ ሁሉ ምላጭ፣ ፕላስተር፣ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃል። የኬሚስትሪና የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ይህን አብረው ቢሠሩት፣ ውጤቱም በአንድ ገጽ አማርኛ ታትሞ በየጋራዡ ግድግዳ ቢለጠፍ፣ ብዙ ላሜራ ከዝገት፣ ብዙ ገዢም ከጸጸት ይድናል።